ከ200 ሰዓት በኋላ

ባሌ ውስጥ በሮቤና በጎባ መካከል ካለው አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ዳር ቆሞ ኪው-400 ሲያርፍ የሚያይ ልጅ ዓይኑ የሚያርፈው ከፊተኛው መስታወት ላይ ነው። በግራ ካፒቴኑ፣ በቀኝ ረዳት አብራሪው ተቀምጠዋል። ያ በቀኝ ያለው ወጣት እዚያ እንዴት ደረሰ? ብዙ ቤተሰብ የዚህን መልስ የሚያውቀው የሥልጠናውን ገንዘብ ከከፈለ በኋላ ስለሆነ፣ ቀደም ብሎ መነገር አለበት።

የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት ዓለም አቀፉ ደንብ 200 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል፤ ሥልጠናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በታወቀ ትምህርት ቤት ከተሰጠ 150 ይበቃል። በትልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ካፒቴን ለመሆን የሚያስፈልገው ፈቃድ ደግሞ 1,500 ሰዓት ይፈልጋል። ችግሩ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ቀጣሪ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ የሚገኘው በሥራ ነው፤ ሥራውን ደግሞ ያለ ልምድ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ክፍተት ለራሱ ሰዎች ዘግቶታል። ሠልጣኝ መርጦ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋሙ አስተምሮ፣ የአገልግሎት ግዴታ አስፈርሞ በረዳትነት ያስገባዋል። እንዲህ ያለው ወጣት በትንሽ አውሮፕላን ዓመታት መንከራተት አይጠበቅበትም። ለባሌ ልጅ የመጀመሪያው በር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ውድድሩ ብርቱ ቢሆንም ከብትና ቤት አያሸጥም።

በግሉ ከፍሎ የሠለጠነው ግን መካከለኛውን ደረጃ ራሱ መፈለግ አለበት። በአገራችን ያለው ጥቂት ነው፦ ካራቫን በምትባል ትንሽ አውሮፕላን የረድኤት ሠራተኛ፣ ሕመምተኛና ቱሪስት የሚያመላልሱ የግል ድርጅቶች፣ ወይም በበረራ ትምህርት ቤት አስተማሪነት። የሮቤን የስንዴ ማሳ ያየ ሰው የርጭት አውሮፕላን ትዝ ሊለው ይችላል፤ አየር መንገዱም በአንድ ወቅት «እሸት» የሚል ስም የሰጠውን አግ-ካት ይገጣጥም ነበር። ነገር ግን ርጭት ከማሳው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ ለጀማሪ አይሰጥም።

ከአገር ውጭ የታወቀው ምሳሌ ቦትስዋና ውስጥ ያለችው ማውን ናት። በኦካቫንጎ ረግረግ ወዳሉት የቱሪስት ማረፊያዎች የሚያደርሰው በአብዛኛው ትንሽ አውሮፕላን ነው። ስለዚህ ከ200 ሰዓት ትንሽ የዘለሉ ወጣቶች የቱሪስቱ ወቅት ከመጀመሩ በፊት በአካል እየሄዱ ቢሮ ለቢሮ ይዞራሉ፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠብቃሉ። የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የአብራሪነት ፈቃዱንም የቦትስዋና የአቪዬሽን ባለሥልጣን ሊያጸድቅለት ይገባል። የትምህርት ክፍያውን ብቻ አስልቶ የተነሣ ቤተሰብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የመጠበቂያው ስንቅ አልተያዘም።

ታዲያ ቀጣሪው 200 ሰዓት ካላቸው ብዙዎች መካከል አንዱን በምን ይለያል? ባሌ የምታስተምረው ነገር አለ፤ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ዋናው ክፍል ይህ ነው። ሮቤ 8,000 ጫማ ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ነው። የበጋ ቀትር 22 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 23 ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ስንደምር አውሮፕላኑ 10,760 ጫማ ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። አየሩ ሳስቷል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያጣል፣ ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዘው አየር ይቀንሳል። ሲያርፍም የፍጥነት ጠቋሚው 70 ኖት እያለ፣ ነፋስ ከሌለ፣ መሬቱ ከሥሩ የሚሮጠው በ82 ኖት ግድም ነው። በባሕር ጠረፍ የሠለጠነ ልጅ ፍጥነቱ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ ክንፉ ሳይሸከመው ሊወድቅ ይችላል።

ከጎባ ወደ ደቡብ ሲኬድ ደግሞ ምድሩ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። ሙሉ ጭነት የያዘች ትንሽ ሴስና ያንን በቀጥታ ልውጣ ብትል የመውጫ ጉልበቷ ተራራው ሳያልቅ ሊያልቅ ይችላል። አስተዋይ አብራሪ ጭነት ይቀንሳል፣ በጠዋቱ ብርድ ይነሣል፣ ወይም ዞሮ ይሄዳል። ቀጣሪ የሚፈልገው ይህን ማመዛዘን ነው፤ በቃለ መጠይቅም የሚፈትነው በዚሁ ዓይነት ስሌት ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያስመረቃቸው ዛሬ የት እንደሚበሩ ጠይቁ። ከተመረቃችሁ በኋላ በበረራ መዝገባችሁ ላይ አንድ ሰዓት እንኳ አትጨምሩ፤ 230 ከሆነ 230 ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ግን ስንቱ እንደ ቦሌና እንደ ሮቤ ካሉ ከ7,000 ጫማ በላይ ከሆኑ ሜዳዎች እንደተነሣ ለብቻው ቆጥራችሁ አስቀምጡ።