አልስማማም ለማለት፦ የእንግሊዝኛው «ኦፖዝድ» ደረጃ በደረጃ

ስብሰባ ላይ ነዎት እንበል። የወር መዋጮው ይጨመር የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ እርስዎ አልተስማሙም። ስብሰባው በእንግሊዝኛ ከሆነ «ኦፖዝድ» የምትባለው ቃል ታስፈልግዎታለች።

1. ትርጉሟን ይያዙ። የእኛ «ተቃወመ» ከ«ቆመ» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ፊት ለፊት መቆም። «ኦፖዝድ»ም «ፊት ለፊት ማስቀመጥ» ከሚል የላቲን ቃል የመጣች ናት። ቅጽል ስለሆነች የምትናገረው አቋምዎን ነው፤ «ተቃዋሚ ነኝ» እንደማለት።

2. «ነኝ»ን በቦታው ይጠቀሙ። ብዙዎቻችን «አይ አም ኦፖዝ» እያልን ግስና ቅጽል እናደባልቃለን። ወይ በግሱ «አይ ኦፖዝ»፣ ወይ በቅጽሉ «አይ አም ኦፖዝድ» ይበሉ። ጫናው «ፖ» ላይ ይረፍ፤ መጨረሻዋ «ዝድ» እንጂ «ዜድ» አይደለችም።

3. «ቱ»ን ያስከትሉ። ቀጥሎ የሚቃወሙት ነገር ይመጣል፦ «ኦፖዝድ ቱ ዘ ፕላን»። ግስ ከመጣ «ኢንግ» ይጨመርበታል፦ «ኦፖዝድ ቱ ሬይዚንግ ዘ ፊ»። «ቱ ሬይዝ» ካሉ ተሳስተዋል።

4. መጠኑን ይምረጡ። አጥብቀው ከተቃወሙ «ስትሮንግሊ ኦፖዝድ» ይበሉ። «ኖት ኦፖዝድ» ደግሞ የደስታ እሺታ አይደለም፤ «ቢሆንም ግድ የለኝም» ነው።

5. ከመሳይዋ ይለዩ። «ቲ አዝ ኦፖዝድ ቱ ኮፊ» ማለት «ቡና ሳይሆን ሻይ» ነው። እዚህ ላይ ቡናን የተቃወመ የለም።

6. ድምፅ ሲሰጥ ይጠንቀቁ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ማኅበራት የሚሰበሰቡት ሄንሪ ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የስብሰባ ደንብ ነው። ሰብሳቢው መጀመሪያ «ኦል ኢን ፌቨር» ሲል ደጋፊዎች «አይ» ብለው ይመልሳሉ። ቀጥሎ «ኦል ኦፖዝድ» ሲል ተቃዋሚዎች «ኖ» ወይም «ኔይ» ይላሉ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፦ የእኛ «አይ» እምቢታ ናት፣ የእነሱ «አይ» እሺታ። አፍዎ የለመዳት «አይ» ቀድማ ካመለጠችዎ፣ መዋጮው እንዲጨመር ድምፅዎን ሰጡ ማለት ነው። «ኦፖዝድ» እስኪባል ታግሠው «ኖ» ይበሉ።