ምዕራፍ 6፦ የጌሙ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በብዙ ቤት ፕሌይስቴሽኑን ከካርቶኑ አውጥቶ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኘው፣ አካውንት የሚከፍተውና የይለፍ ቃሉን የሚይዘው ልጁ ነው። ለወላጅ የሚቀረው ሥልጣን ገመድ መንቀል ብቻ ይሆናል። የየማታው «አጥፋ!»፣ «ይቺን ጨዋታ ልጨርስ!» የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጭቅጭቁን የሚቀንስ የወላጅ መቆጣጠሪያ ግን ማሽኑ ውስጥ ተገጥሞ ይመጣል። ዋናው ግዴታው ልጁ በራሱ የልጅ አካውንት መግባቱ ነው። በአባቱ ወይም በአጎቱ አካውንት ከተጫወተ፣ ለማሽኑ ተጫዋቹ ትልቅ ሰው ነው።

1. የልደት ዓመቱን ያስተካክሉ

አካውንት ሲከፈት የልደት ቀን ይጠየቃል፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጆች ነው። በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 2013 ወይም 2014 ተብሎ መግባት አለበት። በእኛ አቆጣጠር 2006 ብለው ከሞሉት ልጁ በአንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ያድጋል፤ ለምሳሌ የ11 ዓመት ልጅ 18 ወይም 19 ይሞላውና የልጅ ገደቡ ሳይነካው ይቀራል።

2. ሽፋኑን ያንብቡ

ለአውሮፓ ገበያ የወጣ ጌም ሽፋኑ ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር አለው። የአሜሪካው በፊደል ነው፤ «ኤም» ያለበት 17 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ምልክቱ የጌሙን ክብደት ሳይሆን ይዘቱን ይናገራል። ለምሳሌ ጂቲኤ 5 በአውሮፓው መለኪያ 18 ተሰጥቶታል። የዕድሜ ገደቡን አንዴ ከሞሉ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ማሽኑ ራሱ አይከፍትም።

3. በሩን ዘግተው መስኮቱን አይርሱ

በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ የመቆጣጠሪያው የሚስጥር ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ 0000 ነው። ሳይቀይሩት ከተዉት ልጁ በአንድ ሙከራ ያገኘዋል። እዚያው ላይ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርንና በእንግድነት መግባትን ይከልክሉ፤ አለበለዚያ ሰዓቱ ሲያልቅበት በሌላ ስም ይገባል። ወርሃዊ የግዢ ወጪውንም ዜሮ ያድርጉት።

ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ የአድሚኒስትሬተር አካውንቱ የእርስዎ ይሁን፤ ለልጁ ተራ አካውንት ይክፈቱ። ከዚያ በማይክሮሶፍት ፋሚሊ ሴፍቲ የየቀኑን ሰዓት መመጠን ይቻላል። የድረ ገጽ ማጣሪያው የሚሠራው ኤጅ በተባለው ማሰሻ ላይ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ።

4. ሰዓቱን አብራችሁ ወስኑ

ፕሌይስቴሽን ሰዓቱ ሲሞላ ወይ ያስጠነቅቃል፣ ወይ ተጫዋቹን ያስወጣል፤ መራጩ እርስዎ ነዎት። በማስጠንቀቂያው ይጀምሩ። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር ኳስ የሚጫወት ልጅ መሃል ላይ ሲቋረጥበት ይሸነፋል፤ ብስጭቱ ምክንያት አለው። ማስጠንቀቂያውን ደጋግሞ ችላ ካለ ወደ ማስወጣቱ ይሂዱ፤ ይህንንም አስቀድመው ይንገሩት።

መቆጣጠሪያው ሰፈር ያለው ጌም ቤት ድረስ አይከተለውም። ስለዚህ ቅንብሩን ልጁ ተኝቶ ሳለ በድብቅ አይሥሩት። አጠገብዎ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ገደብ ለምን እንደገባ እየነገሩት ይሙሉት፤ በየልደቱም አብራችሁ ከልሱት። የተከለከለበትን ምክንያት የሚያውቅ ልጅ ጌም ቤትም ሲሄድ ምን እንደሚመርጥ ያውቃል።