ትራውት ፍለጋ ወደ ባሌ

ጥያቄ፦ በጥር ወር ባሌ ሄጄ ከመሪ ጋር በወንዝ ዓሣ ለማጥመድ አስቤያለሁ። መንጠቆ ይዤ አላውቅም። ምን ይጠብቀኛል?

መልስ፦ ጥር መምረጥዎ ጥሩ ነው፤ በክረምት ወንዙ ይደፈርሳል። መጀመሪያ የሚጠብቅዎት የእግር ጉዞ ነው። መነሻዎ የምትሆነው የዲንሾ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጠዋት ውርጭ፣ ቀትር ላይ የሚለበልብ ፀሐይ አለ፤ ወፍራም ልብስም ባርኔጣም ይያዙ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነውና ስለ ማጥመድ ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ።

በዌብ ወንዝ የሚያጠምዱት ትራውት የተባለው ዓሣ የአገራችን ተወላጅ አይደለም፤ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚወድ ደጋው ተስማማው።

የጥሩ መሪ ችሎታ የሚታየው ዓሣው የት እንደሚያደባ በማወቁ ነው። ትራውት ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ፣ ከድንጋይ አጠገብ ወይም ከዳር ጥላ ሥር ሆኖ ውሃው የሚያመጣለትን ነፍሳት ይጠብቃል። ስለዚህ ከበስተኋላው፣ ከወንዙ ግርጌ ወደ ላይ ነው የሚጠጉት። ጥላዎ ውሃው ላይ ካረፈ ወይም ዳሩን ረግጠው ካንቀጠቀጡት ይሸሻል። ጀማሪዎች ክሩን አርቀው ለመወርወር ይታገላሉ፤ በጠባብ ወንዝ ግን ጥቂት ሜትር ይበቃል፣ ትልቁ ነገር በቀስታ ማሳረፉ ነው።

ባዶ እጅ መመለስም አለ። ዓሣ በእርግጠኝነት እንደሚይዙ ቃል የሚገባልዎትን መሪ አልመክርም። የያዙትን መልሰው የሚለቁ ከሆነ እጅዎን አስቀድመው ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍበታል።