ትከሻ ሲወልቅ፣ ክንድ ሲሰበር

ጋዜጣውን ለጊዜው ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጡት። ቀኝ እጃችሁን በግራ ትከሻችሁ ላይ አድርጉ። የዛሬው ትምህርት በጣት የሚዳሰስ ነው።

ከጉሮሮ ሥር፣ ከደረት አጥንት ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ውጭ ዳስሱ። ቀጭን፣ ትንሽ ጠመም ያለ አጥንት ታገኛላችሁ። እስከ ትከሻ ጫፍ ይሄዳል። አንዱ የትከሻ አጥንት ይሄ ነው። ሁለተኛው በጀርባ በኩል ያለው ጠፍጣፋ አጥንት ነው። በሬ ታርዶ ወርቹ ሲፈታ አይታችሁታል፤ የሰውም በቅርጹ ይቀራረባል። ሦስተኛው ከትከሻ እስከ ክርን የሚወርደው ረጅሙ የክንድ አጥንት ነው። የዚህ አናቱ ድቡልቡል ነው። ድቡልቡሉ የሚያርፈው በጠፍጣፋው አጥንት ጠርዝ ላይ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ነው።

ጎድጓዳዋ ግን ትንሽ ናት። ጀበና በማቶት ላይ ሲቀመጥ አስቡ። ማቶቱ የሚይዘው የጀበናውን ቂጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጀበናው ወደ ፈለጋችሁት ያዘነብላል፤ ሲበዛ ግን ይገለበጣል። ትከሻም እንዲሁ ነው። በሰውነታችን ውስጥ እንደ ትከሻ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መጋጠሚያ የለም። ዘር የምንበትነው፣ መጥረቢያ የምናነሳው በእርሱ ነው። ከትልልቆቹ መጋጠሚያዎች መካከል እንደ ትከሻ ቶሎ የሚወልቅም የለም። ድቡልቡሉን በቦታው የሚያቆዩት በዙሪያው ያሉት ጅማቶችና አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው። በሽሮ ሜዳ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ዘርግተው መወርወሪያ የሚወረውሩ ሸማኔዎች ማታ ማታ ትከሻቸውን ሲያማቸው፣ ብዙ ጊዜ የደከሙት እነዚህ ጡንቻዎች ናቸው።

ጉለሌን የሚያውቅ ሰው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ባሕር ዛፍ ከመጣ ወዲህ እንጦጦ የከተማው የማገዶ ጓዳ ሆኖ ኖሯል። ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሴቶች እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው በዚህ መንገድ ሲወርዱ ኖረዋል። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል። ይህን ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ፣ በክረምት ጭቃ ባዶ እጁን ሆኖ ይውረደውና ይንገረን። እግር ሲያዳልጥ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ይመታል። የራሱ ክብደትና የሸክሙ ክብደት በአንድነት ትከሻው ላይ ያርፋል። በእናንተም አገር ከበቅሎ የወደቀ፣ ከዛፍ የወደቀ እንዲሁ ይሆናል።

ታዲያ የወደቀው ሰው ትከሻው ወለቀ ወይስ አጥንቱ ተሰበረ? ሁለቱን ትከሻዎች ገልጣችሁ አስተያዩ። ትከሻ ከወለቀ ድቡልቡል የነበረው ቅርጽ ጠፍቶ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ማዕዘን ያለው ይመስላል። ክንዱ ከጎን ራቅ ብሎ ይቀራል። ሰውየው በዚያ እጁ ሌላኛውን ትከሻ መንካት አይችልም። ብዙ ጊዜ ድቡልቡሉ የሚወጣው ወደ ፊት ነው። የሚጥል በሽታ የጣለው ወይም ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ግን ወደ ኋላ ሊወልቅበት ይችላል፤ ይሄኛው በዓይን አይታይምና ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አጥንት ከተሰበረ ደግሞ እብጠትና መበለዝ ይኖራል። ክንዱ መጋጠሚያ በሌለበት ቦታ ሊታጠፍ ይችላል። በዕድሜ የገፉ እናቶች በትንሽ አወዳደቅ እንኳ ከድቡልቡሉ ሥር ይሰበራሉ።

አንዳንዴ ውልቃትና ስብራት አብረው ይመጣሉ። በዓይን ለይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ራጅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ክንዱን አትጎትቱ። በቅቤ ወይም በዘይት አትሹ። ከክንድ አጥንት ጀርባ ነርቭ ተጠምጥሞ ያልፋል፤ በውስጥ በኩል ደም የሚያወርድ ትልቅ የደም ሥር አለ። የተሰበረ ስለት ሁለቱንም ሊቆርጥ ይችላል። ሰውየው መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ እጁን ከአንጓው ወደ ላይ ቀና ያድርግ። እጁ ከተንጠለጠለ ነርቩ ተነክቷል። ለሐኪሙ ይህን ንገሩት።

እስከዚያው ነጠላ ይበቃችኋል። ነጠላውን በሦስት ማዕዘን እጠፉት። ክርኑን አጥፋችሁ ክንዱን በውስጡ አስተኙት፤ ጫፎቹን ከአንገት ኋላ ቋጥሩ። እጁ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ይበል። በሌላ ነጠላ ክንዱን ከደረት ጋር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ በፊት አውልቁ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል። በጉለሌ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። የወለቀ ትከሻ በዕለቱ ሲመለስ ይቀላል፤ ሳምንታት ከቆየ ግን ቀዶ ጥገና ሊጠይቅ ይችላል።

አሁን ወደ ወጌሻ እንምጣ። ወጌሻን አንንቅም። ሐኪም በሌለበት ዘመንና ቦታ ብዙ ሰው ረድቷል፤ የሚያስከፍለውም ትንሽ ነው። ችግሩ ማሰሪያው ነው። ቀርከሃ ወይም ሸምበቆ ተደርድሮ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ክንዱ ግን ከተሰበረ በኋላ ያብጣል። ማሰሪያው አይሰፋም። ደም መሄጃ ያጣል። ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። በአገራችን ሆስፒታሎች ሕፃናት እጅ እግራቸው ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው የጠበቀ ማሰሪያ ነው። አጥንቱ እኮ ተሰብሮ ነበር እንጂ እጁ ደህና ነበር! ለወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ የሚቆረጠው ሰው ቁጥር እንደቀነሰ በአገራችን የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ የታተመውም በ1997 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀን ብቻ! ወጌሻችሁን ማስተማር እንደሚቻል ከዚህ ዕወቁ።

ማንም ይሰረው፣ ወጌሻም ሐኪምም፣ የታሰረውን ሰው ጣቶች ጠብቁ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጭ ሆኖ አንድ፣ ሁለት እስክትሉ ካልቀላ ደም አልደረሰም። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሌላ ሰው ሲዘረጋቸው ልጁ ከጮኸ፣ ሕመሙም ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያውን ፍቱ። ወጌሻው እስኪመጣ አትጠብቁ። «ታገሥ፣ ይለምድሃል» አትበሉት። ስብራቱን በነጠላ ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

የልጅ ስብራት ቶሎ ይገጥማል። የአዋቂ የክንድ አጥንት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጣትና አንጓ ይንቀሳቀሱ፤ ሐኪሙ ሲፈቅድም ትከሻው። ጎንበስ ብሎ ክንድን አንጠልጥሎ እንደ ደወል ቀስ ብሎ ማወዛወዝ ጥሩ ጅምር ነው። ዝም ብሎ የቆየ ትከሻ ይደርቃል።

መልመጃ፤
በቤታችሁ ነጠላ የአንድ ሰው ክንድ አንግቱ። እጁ ከክርኑ ከፍ ብሏል?
የራሳችሁን ጥፍር ተጭናችሁ ልቀቁት። ስንት እስክትቆጥሩ ቀላ?
በቀበሌያችሁ ያለው ወጌሻ ከማሰሪያ በኋላ ጣት ያያል? ጠይቁት፤ የጥፍሩንም ነገር አሳዩት።