ስለ ሎሚና ስለ ብርቱካን አጠባበቅ፥ ከቆላው ዛፍ እስከ ደባርቅና ዳባት ገበያ

ፍሬ ከዛፉ ሲቆረጥ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ሎሚም ብርቱካንም ትርንጎም ከተቆረጡ በኋላ ይተነፍሳሉ፤ ሙቀት ያወጣሉ፤ በልጣቸውም በኩል ውሃቸውን ወደ አየር ይለቃሉ። ከዛፉ ግን ሌላ ውሃና ሌላ ምግብ አይመጣላቸውም። ስለዚህ የተቆረጠ ፍሬ ስንቁን ይዞ እንደ ወጣ መንገደኛ ነው፤ ስንቁን ቆጥቦ ቢይዘው ብዙ ቀን ያደርሰዋል፥ በሙቀትና በቁስል ቢያባክነው ግን ከመንገድ ይቀራል።

፩ኛ፤ ስለ አገሩ ሁኔታ

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ደጋ ነው፤ ዳባትም እንዲሁ ደጋ ነው። ደጋው ለገብስ፥ ለባቄላና ለድንች ይስማማል፤ ሎሚና ብርቱካን ግን ውርጭ ስለሚጎዳቸው ሞቃት አገር ይወዳሉ። እንግዲህ የስሜን ደገኛ ሎሚ የሚያገኘው ከሩቅ ሲመጣለት ነው። ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ ወገን የመጣ እንደ ሆነ፥ በጣልያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተሠራውን ጠመዝማዛ የሊማሊሞ መንገድ መውጣት አለበት። ከደቡብ የመጣ እንደ ሆነም ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

ይህ ፍሬ ለወጥ ማጣፈጫ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ድዳቸው የደማና ጉልበታቸው የዛለ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ከፍሎ ልዩ ልዩ መድኃኒት ሰጣቸው፤ ፈጥነው የዳኑት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ሆኑ። ትኩስ አትክልት በሚያጥርበት ወራት ለልጆች ሎሚ መኖሩ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታወቃል።

፪ኛ፤ ፍሬው የሚጠፋበት ምክንያት

የመጀመሪያው ቁስል ነው። በሎሚና በብርቱካን ላይ የሚታየው አረንጓዴ ሻጋታ ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለ ሆነ በነፋስ ይበናል፤ በሰው እጅና በዕቃም ይተላለፋል። ነገር ግን ደኅና ልጥ አይበሳም፤ መግቢያው እሾህ፥ ጥፍር ወይም ድንጋይ የከፈተው ጭረት ነው። ስለዚህ በገበያ የሚታየው ብስባሽ ብዙ ጊዜ የተጀመረው በቆረጣው ቀን ነው።

ሁለተኛው የውሃ መድረቅ ነው። ፍሬው ከክብደቱ ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ያህል እጅ ሲጎድል ልጡ ይጨማደዳል፤ ገዢም ይሸሸዋል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። በፀሐይ የዋለ ጭነት ትንፋሹ ይበረታል፤ በታፈነ ጆንያ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ራሱን በራሱ ያሞቃል። ይሁን እንጂ ብርድም ሲበዛ ይጎዳል፤ ለብርቱካን ከ3 እስከ 8 ዲግሪ የሆነ ቅዝቃዜ ሲስማማው፥ ለሎሚ ግን 10 ዲግሪ ያህል ይሻለዋል።

፫ኛ፤ መደረግ የሚገባው

1. ዛፉን በዱላ መምታትና ማራገፍ አይገባም። ፍሬው በመቀስ ወይም በስለታም ቢላዋ፥ ከእንብርቱ ጥቂት አገዳ ተትቶለት ይቆረጥ።
2. ጤዛ ወይም ዝናብ ሳይደርቅ አይቆረጥ፤ ውሃ የጠገበ ልጥ ሲነካ ዘይቱ ይፈነዳና ይቃጠላል።
3. ከተቆረጠ በኋላ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን በጥላ ይረፍ፤ ልጡ ጥቂት ሲለዝብ መንገላታትን ይችላል።
4. የቆሰለው ለብቻው ተለይቶ ለቤት ይዋል፤ የሻገተው ከዛፉና ከጎተራው ርቆ ይቀበር።
5. በጆንያ ፈንታ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ነፋስ በሚያስገባ የእንጨት ሣጥን ይጫን። በጆንያ ሲሆን የታችኛው የላይኛውን ሸክም ሁሉ ይሸከማል፤ በዳገቱም መንገጫገጭ ይጨፈለቃል።
6. ጉዞው በማለዳ ወይም በምሽት ይሁን። ደባርቅ ሲደርስ በጥላ ባለ፥ ነፋስ በሚያገኝ ቤት ይቀመጥ እንጂ ሌሊት በውርጭ ውጭ አይደር።
7. ባዶው ቅርጫት ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ፤ ያለዚያ የአምናው ሻጋታ የዘንድሮውን ፍሬ ይወርሳል።

፬ኛ፤ ስለ ሂሳቡ

አንድ ሰው 200 ሎሚ ጭኖ አንዱን በ3 ብር ቢሸጥ፥ ለጭነትም 100 ብር ቢከፍል፥ 500 ብር ይተርፈዋል። ከሎሚው 50 ቢበሰብስ 150 ሸጦ 450 ብር ያገኛል፤ የጭነቱ ዋጋ ግን ለበሰበሰውም ተከፍሏልና የሚተርፈው 350 ብር ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ገዢው ብስባሹን ባየ ጊዜ ለደኅናውም 2 ብር ብቻ እሰጣለሁ ቢል፥ ሻጩ ሎሚውን ይዞ ሊማሊሞን ተመልሶ ሊወርድ አይችልምና ይቀበላል። ያን ጊዜ የሚተርፈው 200 ብር ነው። ከሩብ ያልበለጠ ፍሬ ቢጠፋ ከትርፉ ከግማሽ የበለጠ ጠፋ ማለት ነው። ፍሬውን መጠበቅ ለባላገሩ በገበያ ዋጋ የመከራከር ኃይል ይሰጠዋል።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለዋል። ሣጥን መግዛት፥ መኪና መከራየትና የጥላ ቤት መሥራት ለአንዱ ይከብዳል፤ የመንደሩ ሰዎች ቢተባበሩበት ግን ለእያንዳንዱ ጥቂት ይደርሰዋል። ሽማግሌዎች ይህን በዕድርና በደቦ ልማድ ቢመሩት ሕዝቡ ይቀበላቸዋል።

፭ኛ፤ ለተማሪዎች የሚሰጥ ሥራ

መምህሩ ሁለት ደኅና ሎሚ ይውሰድ፤ አንዱን በመርፌ ይጫረው፥ ሌላውን አይንካው። ሁለቱንም ከሻገተ ሎሚ ጋር አነካክቶ በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጣቸው። ተማሪዎች በየቀኑ እየተመለከቱ ያዩትን ይጻፉ፤ ከነኩም በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ።

ጥያቄ፤
ሀ) ሻጋታ ወደ ፍሬው የሚገባው በምን በኩል ነው?
ለ) ጤዛ ሳይደርቅ መቁረጥ ለምን ይጎዳል?
ሐ) ከ200 ሎሚ 20 ቢበሰብስ፥ ዋጋውና ጭነቱ ከላይ እንደ ተጻፈው ሆኖ ስንት ብር ይተርፋል?