በጉለሌ አቀበት የሚበረክት ስፕሊተር

ጥያቄ፦ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለሚመላለስ ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና የትኛው የፊት ስፕሊተር ይበረክታል?

መልስ፦ ስፕሊተር ከፊት ፓራውልት ሥር ወደ ፊት ወጥቶ የሚገጠም ዝርግ ሰሌዳ ሲሆን፣ ከላዩ የሚታመቀው አየር ስለሚጫነው፣ ከሥሩ በፍጥነት የሚያልፈው አየር ግፊት ደግሞ ስለሚቀንስ፣ የፊት ጎማዎች መንገዱን አጥብቀው እንዲይዙ ያግዛል። ይሁን እንጂ ማዕከሉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመሆኑና አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ይህ ጫና በዚያው ልክ ያንሳል፤ በከተማ ፍጥነትማ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ዋናው መመዘኛ ግትርነት ሳይሆን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲነካው ጎብጦ መመለስ መቻሉ ነው። ካርቦን ፋይበር ለዓይን ያማረና ቀላል ቢሆንም ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ቫርኒሹም በደጋ ፀሐይ ቢጫ ይሆናል፤ ፋይበር ግላስ ዋጋው ቢረክስም ጠርዙ ይፈረካከሳል። ፖሊዩሪቴን የተባለው ጎማ መሰል ፕላስቲክ ግን ይቧጨር እንደሆነ እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። አገጣጠሙም ከዕቃው እኩል ሊታሰብበት ይገባል፤ በማጣበቂያ ብቻ የተለጠፈው በክረምት ጭቃ ሲላቀቅ፣ በሰፊ ሮንዴላ የታሰረ ብሎን ግን ኃይሉን ስለሚያከፋፍል ቀዳዳው ቶሎ አይቀደድም።