የወደቀው ሰውና የእንግዶች ማደሪያው

ስለ ሰው ልጅ ኃጢአትና ስለ ድኅነት አስፈላጊነት ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የትምህርቱ ንባብ፦ ሉቃ. 10፥25-37

መግቢያ

በቋንቋችን ድኅነትና ድኽነት ሲነገሩ ለጆሮ የተቀራረቡ ናቸው፤ ትርጕማቸው ግን እጅግ ይራራቃል። ድኽነት ማጣት ነው፤ ድኅነት ደግሞ መዳን ነው። «ደኅና» የምንለው ቃል የተገኘው ከዚሁ ከድኅነት ሥር ነው። ስለዚህ ጠዋት ተገናኝተን «ደኅና አደሩ?» ስንባባል ሳናስተውለው ስለ መዳን እንጠያየቃለን። ኮሚሽናችንና የሰበካ ጉባኤያት አብረው የሚደክሙት የወገንን ድኽነት ለማቃለል ነው። ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተችው ግን ለሰው ልጅ ድኅነት ነው። የሁለቱን ግንኙነት በትክክል ካልተረዳን፣ ወይ ስንዴ ሰጥተን ስለ ነፍስ ዝም እንላለን፣ ወይም ስለ ነፍስ እየተናገርን የተራበውን እናልፈዋለን። በዚህ ትምህርት ቅዱሳት መጻሕፍትንና የአበውን ትርጓሜ ተከትለን ይህን ጕዳይ እንመለከታለን።

በስም ዝርዝር ላይ የሚነሣ ጥያቄ

የእርዳታ እህል ሊታደል ወይም የምርጥ ዘር ድጋፍ ሊሰጥ በታሰበ ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ የችግረኞችን ስም ይመዘግባል። በአብዛኞቹ ላይ ክርክር አይነሣም። ከዚያ አንድ ስም ይጠራና ጉባኤው ጸጥ ይላል። ሰውየው በሬውን ሸጦ የጠጣ ነው፤ ወይም ሚስቱን ትቶ ከሌላ ጋር የሚኖር፤ ወይም ንስሐ አባት የሌለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ከራቀ ብዙ ዓመት የሆነው። አንዱ አባል «ያደኸየው የገዛ ኃጢአቱ ነው፤ ታዲያ ይገባዋልን?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው የሰውየውን ልጆች አስቦ ሊናገር ይፈልጋል፤ ነገር ግን ኃጢአትን የደገፈ እንዳይመስል ይፈራል። በመጨረሻም ስሙ ሳይጻፍ ይታለፋል። እኛም በእንዲህ ያለ ጉባኤ ተቀምጠን ዝም ያልንበት ጊዜ አለ።

ጥያቄው ሲታይ የአስተዳደር ይመስላል፤ ሥሩ ግን የሃይማኖት ነው። ምክንያቱም «ይገባዋልን?» ብለን የምንጠይቅ እኛ፣ ያለንን ሁሉ ተገብቶን የተቀበልን መስሎናል ማለት ነው። ይህ አሳብ ደግሞ ስለ ኃጢአትና ስለ ድኅነት ከምናምነው ጋር አይስማማም።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው

የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ የእርዳታ ሥራ ሁሉ መሠረት ሆኖ ይጠቀሳል። በስብሰባ መክፈቻ ይነበባል፤ በስብከትም ይነገራል። ስንሰማውም ራሳችንን የምናስቀምጠው በሳምራዊው ቦታ ነው። የቤተ ክርስቲያን አበው ግን ትርጓሜውን የጀመሩት ከሌላ ቦታ ነው። በመንገድ የወደቀው ሰው አዳም ነው፤ በአዳምም የሰው ልጅ ሁሉ አለ። ሳምራዊው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ናት። እንግዲህ እኛ ረጂዎች ከመሆናችን በፊት ከወደቅንበት የተነሣን ሰዎች ነን። የዚህ ትምህርት ዋና ቃል ይህ ነው።

ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች። ከ30 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው እንዲህ ያለውን መንገድ ያውቀዋል፤ መውረዱ ይቀላል፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲመለከቱት ደጋው ርቋል። የኃጢአት መንገድም እንዲሁ ነው።

አዳም በአርአያ ሥላሴ ተፈጥሮ፣ ነጻ ፈቃድ ተሰጥቶት በገነት ይኖር ነበር። እግዚአብሔር መልካሙን ነገር ሸሽጎብናል የሚያሰኘውን የእባቡን ምክር ሲሰማ ግን ልቡ ከፈጣሪው ራቀ፤ እጁም ልቡን ተከተለ። የኃጢአት ፍሬ ወዲያውኑ ታየ። ራቁትነቱን አይቶ አፈረ፤ ከእግዚአብሔር ፊት ተሸሸገ፤ በሚስቱ አመካኘ፤ ምድርም በእርሱ ምክንያት እሾህና አሜከላ አበቀለች (ዘፍ. 3፥7-18)። አንድ ትእዛዝ በመጣሱ አራት ሰላም ፈረሰ፦ ከፈጣሪው፣ ከባልንጀራው፣ ከራሱና ከምድር ጋር የነበረው ሰላም። በልጁ በቃየን ጊዜ ደግሞ ነገሩ ደም እስከ ማፍሰስ ደረሰ። ዛሬ በሥራችን የምናያቸው ቁስሎች፣ በድንበር የሚጋደሉ ወንድማማቾች፣ የተራቆተ ተራራ፣ የተከፋፈለ ቤተ ሰብ፣ ሥረ መሠረታቸው እዚህ ላይ ነው። ሊቃውንቱ ጥንተ አብሶ የሚሉት ይህ ውድቀት ለአንዱ ደርሶ ለሌላው ያልደረሰ አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በአንድ ሰው ምክንያት ኃጢአትና ሞት ወደ ዓለም እንደ ገቡ፣ ሁሉም የእግዚአብሔር ክብር እንደ ጐደላቸው ያስተምራል (ሮሜ 3፥23፤ 5፥12)።

ወንበዴዎቹ ሰውየውን ልብሱን ገፈፉት፤ አቈሰሉትም። አበው ልብሱን የጸጋ ልብስ፣ ወንበዴዎቹን አጋንንት ይሏቸዋል። በሕይወትና በሞት መካከል ጥለውት መሄዳቸውም ምሥጢር አለው። አርአያ እግዚአብሔር ፈጽሞ አልጠፋበትም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ምንም ያህል ቢበድል ከሰውነት ክብር አይወጣም። ይሁን እንጂ በራሱ ኃይል ተነሥቶ መሄድ አልቻለም። የሰውን ክብር የሚክድ የመጀመሪያውን እውነት ያጣል፤ የአዳኝን አስፈላጊነት የሚክድ ደግሞ ሁለተኛውን ያጣል።

ንስሐ ብቻውን ለምን አልበቃም?

«ሰው ከበደለ ተጸጽቶ ቢመለስ አይበቃምን? አምላክ ሰው መሆን ለምን አስፈለገው?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለሀገራችን ጳጳስ አድርጎ የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ ይመረምራል። አሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው። ነገሩ በደል ብቻ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ይበቃ ነበር። ነገር ግን በደሉን ተከትሎ ሞትና መበስበስ በሰው ላይ ሠለጠኑ። ንስሐ ሰውን ከበደል ይመልሰዋል፤ የገባበትን ሞት ግን አያስወግድለትም። ስለዚህ ሰውን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣው ቃል ራሱ ሥጋችንን ተዋሕዶ፣ ሞታችንን ሞቶ፣ ሕይወቱን ሊሰጠን ይገባ ነበር።

ይህን በቀላል ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። «ጫካ አትግባ» የተባለ ልጅ ገብቶ እባብ ነደፈው እንበል። ልጁ ተጸጽቶ አባቱን ይቅርታ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ አባቱም ይቅር ይለዋል። መርዙን የሚያረክስ መድኃኒት ግን ገና ያስፈልገዋል። አባት የሚወድ ከሆነ ይቅር ብሎ ብቻ አይቀመጥም፤ ተሸክሞት ይሮጣል።

የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ ዘወረደ የሚባለው ስለዚህ ነው። የወረደውን አዳምን ፍለጋ ጌታ ወረደ። ሳምራዊው ቁስለኛውን በራሱ እንስሳ ላይ ሲጭነው እርሱ በእግሩ ይሄዳል ማለት ነው፤ አበውም ይህን፣ ጌታ በተዋሐደው ሥጋ ድካማችንን እንደ ተሸከመ ይተረጕሙታል። በቁስሉ ላይ የፈሰሱት ዘይትና ወይንም በቤተ ክርስቲያን የምንቀበላቸውን ምሥጢራት፣ ቅብዐ ሜሮኑንና ክቡር ደሙን ያሳስቡናል። ያዳነን ሐኪም መድኃኒቱን በማደሪያው ትቶልናል። ንስሐም ቦታዋ እዚህ ነው፤ የድኅነት ዋጋ ሳትሆን ወደ መድኃኒቱ የምታቀርብ በር ናት።

አይተው ያለፉት ሁለቱ

ካህኑና ሌዋዊው ቁስለኛውን አልመቱትም፤ አልሰደቡትም። አይተው አለፉ። አበው በእነርሱ የኦሪት ሕግ ቁስሉን ማሳየት እንጂ ማዳን እንዳልቻለ ይተረጕማሉ። ንባቡ ግን ለእኛ ለካህናትና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ሌላም ተግሣጽ አለው። ያለፉት ሰዎች ከመቅደስ አገልግሎት የማይርቁ ነበሩ። መልካም ማድረግን አውቆ አለማድረግ ኃጢአት እንደ ሆነ ቅዱስ ያዕቆብ ያስተምራል (ያዕ. 4፥17)። እንግዲህ በጉባኤ ስለ ኃጢአት ስንናገር የሰካራሙን ኃጢአት ብቻ አንቍጠር። የዘገየ ውሳኔ፣ ለዘመድ ያደላ ዝርዝር፣ እውነቱን እያወቁ ዝም ማለት፣ ይህ ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ማለፍ ነው።

ደዌና ድኽነት የኃጢአት ቅጣት ናቸውን?

በዚህ ጕዳይ ሁለት የወንጌል ንባቦችን አብሮ ማየት ይገባል። ጌታችን 38 ዓመት ታሞ የኖረውን መጻጕዕን ከፈወሰው በኋላ ደግሞ ኃጢአት እንዳይሠራ አስጠንቅቆታል (ዮሐ. 5፥14)። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» በሚል አሳብ ሲጠይቁት ግን፣ እርሱም ሆነ ወላጆቹ በመበደላቸው እንዳልሆነ መልሶላቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)። በአጠቃላይ ደዌና ሞት ወደ ዓለም የገቡት በኃጢአት ነው። የእያንዳንዱ ሰው ሕማም ግን የእያንዳንዱ በደል ደመወዝ አይደለም። የማንኛው ከየት እንደ መጣ የሚያውቀው ልብን የሚመረምር ሐኪም ብቻ ነው። ሁለቱን ሰዎች ያመሳሰላቸው አንድ ነገር አለ፤ ጌታ ሁለቱንም ፈውሷቸዋል። መጻጕዕንም ያስጠነቀቀው ከፈወሰው በኋላ ነው።

ይህን አለመለየት ጕዳት አድርሷል። ኤች አይ ቪ በሀገራችን በተስፋፋበት ዘመን ብዙ ሕሙማን የኃጢአት ምልክት ተደርገው ተገልለዋል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው በጠበል ያሉ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ ማስተማራቸው ለብዙዎች መጽናኛ ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን የቁስለኞች ማደሪያ እንጂ የፍርድ አደባባይ አይደለችም።

ሁለቱ ዲናርና የማደሪያው ጠባቂ

የሰበካ ጉባኤ በዚህ ምሳሌ ውስጥ ቦታው የት ነው? በሳምራዊው ቦታ አይደለም፤ በማደሪያው ጠባቂ ቦታ ነው። ሳምራዊው ሁለት ዲናር ሰጥቶ ቁስለኛውን አደራ ይለዋል፤ ከዚያ በላይ ያወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍለው ይነግረዋል። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር (ማቴ. 20፥2)። ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ግን ለተወሰነ ሰው፣ ለተወሰነ ሥራ የተሰጠ ነው። ብዙ መተርጕማን ሁለቱን ዲናር ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ይሏቸዋል። በምሳሌው ንባብ ደግሞ በእጃችን የገባውን የአደራ ገንዘብ ሁሉ እናስባለን።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጠባቂው የሚያወጣው ገንዘብ የእርሱ አይደለም፤ ስለዚህ የተቀባዩን መገባት በራሱ ፍርድ አይለካም፤ ባለቤቱ «ይህን ሰው» ብሎታል። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ይመለሳል። ደብረ ዘይትና ገብር ኄር በዐቢይ ጾም ተከታትለው የሚውሉት ይህን ሊያስታውሱን ነው፤ በመጀመሪያው የጌታን ዳግም ምጽአት፣ በሁለተኛው የታመነውን አገልጋይ እናስባለን። በአግባቡ የተያዘ የገቢና የወጪ መዝገብ፣ በሦስት ሰው ፊት የተቈጠረ ሙዳየ ምጽዋት፣ ለምእመናን በግልጥ የተነበበ ሒሳብ የሃይማኖት ሥራ ነው። ሦስተኛ፣ ጠባቂው ራሱም በዚያው ማደሪያ ያድራል። እርሱም ከዚያው መድኃኒት ይቀበላል።

ወደ ስም ዝርዝሩ ስንመለስ

እንግዲህ በሬውን ሸጦ የጠጣው ሰው ስም ይጻፍ ወይስ ይታለፍ? መለኪያው ችግሩ ነው እንጂ ብቃቱ አይደለም። ልጆቹ ከተራቡ ስሙ ይጻፍ። የሚሰጠው ነገር ለመጠጥ እንዳይውል ጉባኤው ቢሰጋ እህሉ ለባለቤቱ ይሰጥ ወይም በየጊዜው ተከፍሎ ይታደል፤ ይህ ጥበብ ነው፤ መንፈግ ግን አይደለም።

«ይህ ኃጢአትን መደገፍ አይሆንምን?» ለሚል የኢያሪኮው ዘኬዎስ ይመልስለታል። ጌታ ወደ ቤቱ የገባው ዘኬዎስ ካሳ ከከፈለ በኋላ አልነበረም። አስቀድሞ በስሙ ጠራው፤ ከኃጢአተኛ ጋር ሊውል ገባ ተብሎም ታማ። ዘኬዎስ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ፣ ከሀብቱም እኩሌታውን ለድኾች ሊሰጥ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው (ሉቃ. 19፥1-10)። ምሕረቱ ንስሐን አላስቀረም፤ ወለደው እንጂ። እኛም ስንዴውን በንስሐ አንሸጥም፤ ንስሐውንም በስንዴ አንገዛም። ነገር ግን እህሉን ሰጥተን ከሄድን በኋላ ካህን ያንን ቤት ያንኳኳ፤ ሰውየውን በስሙ ይጥራው፤ ንስሐ አባት ይሁነው። ይህን ካላደረግን ቁስሉን ጠርገን ሳንጠግን፣ ከማደሪያው ውጭ ትተነው ሄድን ማለት ነው።

የቈፈርነው ጕድጓድ፣ የተከልነው ችግኝ፣ ያቆምነው ክሊኒክ ሰውን ከሞት አያድኑም፤ እኛንም አያጸድቁንም። ድኅነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ መልካሙ ሥራ ደግሞ የተነሡት እንዲመላለሱበት የተዘጋጀ መንገድ ነው (ኤፌ. 2፥8-10)። ውኃ የምንቀዳው፣ ቁስልን የምንጠግነው አስቀድሞ እኛ ስለ ተነሣን ነው። ይህን ያወቀ ጉባኤ የችግረኛ ስም ሲጠራ «ይገባዋልን?» አይልም። «እኛስ መቼ ተገባን?» ይላል፤ ብዕሩንም ያነሣል።

ለጉባኤ ውይይት

1. በአጥቢያችን የችግረኞች ስም ሲመዘገብ በችግር ምክንያት ሳይሆን በስም ወይም በወሬ የታለፈ ሰው አለን?

2. እርዳታ ከተቀበሉት መካከል ንስሐ አባት የሌላቸው ስንት ናቸው? ማንስ ይጐበኛቸዋል?

3. የአጥቢያው ገቢና ወጪ ለምእመናን በመጨረሻ የተነበበው መቼ ነው?

4. የጉባኤ አባላት ራሳችን ለንስሐና ለቅዱስ ቁርባን ምን ያህል እንቀርባለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።